ደረቅ ጨው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሲሟሟና ሲቀልጥ ግን ለምን ያሳልፋል?

ሊና_12ኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዘንድሮ ኢንትራንስ ተፈታኝ ነኝ፤ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ላይ ተይዣለሁ። መጽሐፉ ሶዲየም ክሎራይድ (የገበታ ጨው) የተሠራው ከአዮኖች፣ ማለትም ቻርጅ ካላቸው አተሞች፣ ነው ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ደረቁ ጨው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ሲሟሟ ወይም ሲቀልጥ ግን ያሳልፋል ይላል። አዮኖቹ መጀመሪያውኑ ካሉ ደረቁ ላይ ምን ጎደለ? ሁለተኛ፣ የቀለጠ ጨው ላይ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ካቶዱ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተገናኘው ጫፍ) ላይ ሶዲየም ይወጣል፤ የጨው ውሃ ላይ ሲለቀቅ ግን ሃይድሮጅን ነው የሚወጣው። ጨው ያው ጨው አይደለም እንዴ? አስጠኚያችን "እሱን ሸምድዱት" ብሎን አለፈ። ያልገባኝን ነገር ደግሞ ብሸመድደውም ፈተና ላይ ይጠፋብኛል።

ጨው_በረንዳ፦
እህቴ ይሄማ ቀላል ነው። ውሃ ራሱ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ጨው ሲገባበት ይብስበታል። በእርጥብ እጅ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ የምንባለው ለምን ሆነና? ደረቁ የማያሳልፈው ውሃ ስለሌለው ነው። አለቀ።

ሶኬት_ሰባሪ፦
@ጨው_በረንዳ ኧረ ቀስ! የቀለጠው ጨው ውስጥ የትኛው ውሃ አለ? ጨው እኮ የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ላይ ነው። እዚያ ሙቀት ላይ ጠብታ ውሃ አታገኝም።

ጨው_በረንዳ፦
እሱን አላሰብኩትም ነበር ለማለት ገና ነው 😄 መምህራን ይምጡና ይፍረዱን።

መምህር_በ፦
ሊና፣ ሁለቱን ጥያቄ አንድ ላይ አልመልስልሽም። በመጀመሪያው ልጀምር።

ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ቻርጅ የተሸከመ ነገር መኖር አለበት፤ ያ ነገር ደግሞ ከቦታው መንቀሳቀስ መቻል አለበት። ብረት ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ጨው ውስጥ ግን እንደልቡ የሚዞር ኤሌክትሮን የለም። ሶዲየሙ አንድ ኤሌክትሮኑን ለክሎሪኑ ሰጥቷል፣ ክሎሪኑም አጥብቆ ይዞታል። ስለዚህ ቻርጅ ተሸካሚ ሆነው የቀሩት አዮኖቹ ራሳቸው ናቸው። እነሱ ደግሞ በክሪስታሉ ውስጥ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎራይድ፣ እያንዳንዱም ክሎራይድ በስድስት ሶዲየም ተከቦ ተይዟል። አንድ ሞል ጨውን፣ ማለትም 58.5 ግራም ያህሉን፣ ሙሉ ለሙሉ ወደተራራቁ አዮኖች ለመበተን 787 ኪሎ ጁል ገደማ ይጠይቃል። ባትሪ ብታገናኚበት አዮኖቹ ባሉበት ትንሽ ዘንበል ይሉ ይሆናል እንጂ የትም አይሄዱም። መጽሐፍሽ የተጋጨ ነገር አልጻፈም፤ ደረቁ ላይ አዮን አልጎደለም፣ የጎደለው መንቀሳቀሻ ነው።

መንቀሳቀሻ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ሙቀት ነው። ጨው ሲቀልጥ መጠኑ በሩብ ያህል ይሰፋል፣ በመካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ሥርዓቱ ይፈርሳል። የቀለጠው ውስጥም ቢሆን ሶዲየሙ በክሎራይዶች እንደተከበበ ነው፤ ልዩነቱ ጎረቤቶቹን በየቅጽበቱ መቀያየሩ ነው። ሌላው ውሃ ነው። የውሃ ሞለኪውል የኦክስጅኑ ጎን ትንሽ ኔጋቲቭ፣ የሃይድሮጅኑ ጎን ትንሽ ፖዘቲቭ ነው። ክሎራይዱን በሃይድሮጅኑ በኩል፣ ሶዲየሙን በኦክስጅኑ በኩል ይከቡታል። ውሃ መካከል ሲገባ ደግሞ በሁለት አዮኖች መሃል ያለው መሳሳብ ባዶ ቦታ ላይ ከሚኖረው ወደ 80ኛ እጅ ይወርዳል። ውሃው አዮኖቹን ሲከብ የሚለቀቀው ኃይል ክሪስታሉን ለማፍረስ ከሚወጣው ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረው፤ ብርጭቆ ውስጥ ጨው ስታሟሚ ይሄ ነው የሚባል ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማሽ ለዚህ ነው።

@ጨው_በረንዳ ወንድሜ፣ ቁጥሩን ልንገርህና አንተው ፍረድ። እጅግ የተጣራ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ በሜትር 0.0000055 ሲመንስ ነው። የባህር ውሃ 5 ያህል ነው። የቀለጠ ጨው ከ350 ያልፋል፤ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይኖርበት ከባህር ውሃ 70 እጥፍ ማለት ነው። እርጥብ እጅ የሚያስፈራውም የቧንቧ ውሃና የቆዳችን ላብ የሟሙ ጨዎች ስላሉባቸው ነው።

ጨው_በረንዳ፦
እሺ መምህር፣ በዚህ እጄን ሰጥቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልሟገትዎት። እኛን ያስተማሩን ባትሪው ነው ጨዉን በጥሶ አዮን የሚያደርገው ብለው ነው። ኤሌክትሪኩ ይለያያቸዋል፣ ከዚያ አንዱ ወደ ፖዘቲቩ፣ አንዱ ወደ ኔጋቲቩ ይሮጣል። እርስዎ ገና ባትሪ ሳይነካው ተለያይተዋል እያሉን ነው?

የድሮ_ወረቀት፦
ይሄ ሙግት ትልልቆቹንም ያሟገተ ነው። አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ፣ ከሥሩ ልጀምረው።

ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1807 ለንደን ውስጥ ፖታሽን (ከአመድ የሚገኝ ጨው መሰል ነገር) በባትሪ ሊፈትሽ ተነሳ። መጀመሪያ በውሃ አሟሟው፤ የወጣለት ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብቻ ነው። (ሊና፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ ማለት ነው። እሱም እንዳንቺ ተቸግሮበታል።) ፍጹም ደረቁን ሞከረ፣ ምንም አላሳለፈለትም። በመጨረሻ አየር ላይ ጥቂት አቆይቶ ላዩ ብቻ እርጥበት የያዘ ፖታሽ ላይ ኤሌክትሪኩን ሲለቅበት ፖታሹ ባለበት መቅለጥ ጀመረ፤ በኔጋቲቩ በኩል የሜርኩሪ ጠብታ የሚመስሉ ትንንሽ አብረቅራቂ እንክብሎች ብቅ አሉ፣ አንዳንዶቹም ወዲያው ተቀጣጠሉ። ፖታሲየም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሶዲየምን በዚሁ መንገድ አወጣ።

ከዚያ የእሱ ረዳት የነበረው ማይክል ፋራዴይ በ1833 ነገሩን አጠበቀው። ውሃ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ቆይቶ በረዶ ሲሆን እንደሚያቆም አየ። ቀጭን የበረዶ ሽፋን ብቻ መንገዱን ይዘጋዋል። ከዚያ እንደ ሊድ ክሎራይድና ሲልቨር ክሎራይድ ያሉትን እያቀለጠ ሞከራቸው፦ ደረቅ ሲሆኑ ይዘጋሉ፣ ሲቀልጡ ይከፈታሉ፣ ሲረጉ መልሰው ይዘጋሉ። ፋራዴይ ግን ልክ እንደ ጨው በረንዳ፣ የሚለያያቸው ኤሌክትሪኩ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። ስለዚህ አታፍር ወንድሜ፣ ከደህና ሰው ጋር ነህ።

ይህን የገለበጠው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ነው። በ1884 ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ጨው ገና ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ባትሪ በሌለበት፣ ወደ አዮን ይከፋፈላል የሚል ሐሳብ አነሳ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም አጠናከረው። መርማሪዎቹ ዝቅተኛ ውጤት ነው የሰጡት። በ1903 በዚሁ ሥራው የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

ሊና_12ኛ፦
እና ማን ትክክል እንደሆነ በምን ታወቀ? አዮን በዓይን አይታይም።

የድሮ_ወረቀት፦
በበረዶ። ውሃ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሟሟ የሚረጋበት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነው የሟሟው ነገር ዓይነት ሳይሆን የቅንጣቶቹ ብዛት ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ አንድ ሞል ስኳር ብታሟሚ 1.86 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አንድ ሞል ጨው ብታሟሚ ግን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ይወርዳል። ካልሲየም ክሎራይድ ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ሙከራ ውስጥ ባትሪ የሚባል ነገር የለም፤ ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ባትሪ ሳይነካው ቅንጣቱ እጥፍ ከሆነ ተለያይቷል ማለት ነው።

ሶኬት_ሰባሪ፦
እኔ ወሬ ሳነብ እጄ ያሳክከኛል። ቤት ለበጎች የተገዛ አሞሌ ነበር፣ ከአፋር በኩል የሚመጣው። ቁራጭ ወስጄ የሙልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በጣት ስፋት ልዩነት አስደግፌ ኦሙን ለካሁ። ትልቁ መለኪያ ላይ እንኳ "1" ብሎ ቀረ፣ ማለትም ከልክ በላይ፣ ምንም አያልፍም። በጣቴ አንድ ጠብታ ውሃ በሁለቱ ጫፎች መካከል አንጠባጠብኩ። ቁጥሩ ወዲያው ወደ ሺዎች ቤት ወረደ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ቁጥሩ አይቆምም፤ ባየሁት ቁጥር ቀስ እያለ ይጨምራል። ጫፎቹን ሳገላብጣቸው ዝቅ ይልና እንደገና መውጣት ይጀምራል። ሽቦ ስለካ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። መለኪያው ደህና ነው፣ ሬዚስተር ላይ ሞክሬዋለሁ።

መምህር_በ፦
መለኪያህ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ዋናውን ነገር ነው ያሳየህ። ኦም ላይ ስታደርገው ከውስጥ ባትሪው አንድ አቅጣጫ ያለው ዲሲ ይልካል። ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮን በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ነገሩ አለቀ። እዚህ ግን ኤሌክትሮኑ ከብረቱ ወጥቶ ውሃው ውስጥ አይዋኝም። ውሃው ውስጥ የሚሄዱት ሶዲየምና ክሎራይድ ናቸው። አዮኖቹ ብረቱ ጫፍ ጋ ደርሰው ይከማቻሉ፣ አልያም ኤሌክትሮን ይቀበላሉ ወይም ይሰጣሉ። የተከማቸው ቻርጅ ከመለኪያህ ባትሪ ጋር ይገፋፋል፤ መለኪያው ደግሞ ይህን ሁሉ ሬዚስታንስ የጨመረ አድርጎ ያነበዋል። ስታገላብጠው የተከማቸው ለጊዜው ይረዳሃል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። የላብራቶሪ ኮንዳክቲቪቲ መለኪያ በኤሲ የሚሠራው ለዚህ ነው፦ ሊከማች ሲል አቅጣጫው ይገለበጣል።

አሞሌው ደረቅ መሆኑን በማረጋገጥህም ጥሩ አድርገሃል። ጨው አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ75 በመቶ ካለፈ ራሱ ከአየር ውሃ ስቦ መሟሟት ይጀምራል። በክረምት ብትለካው "ደረቁም ያሳልፋል" ብለህ ልትጽፍብን ትችል ነበር።

ፖት_ሩም_ገልፍ፦
ክሩን ከሥራ መልስ አሁን አነበብኩት። እኔ ገልፍ ውስጥ አልሙኒየም ማቅለጫ ነው የምሠራው። እናንተ በጠብታ የምትከራከሩበትን እኛ ጋ በኩሬ ነው ያለው።

አልሙኒየም የሚወጣበት ዱቄት፣ አልሙና የሚባለው፣ ለብቻው ለመቅለጥ ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ያንን የሚችል ዕቃ የት ይገኛል? አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ በ1886 ሳይተዋወቁ ያገኙት መላ አልሙናውን የቀለጠ ክራዮላይት ውስጥ ማሟሟት ነው። ክራዮላይት የሶዲየም፣ የአልሙኒየምና የፍሎሪን ጨው ነው። በዚህ ዘዴ 960 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ስለዚህ እኛ ጋ "ቀለጠ" እና "ሟሟ" ሁለቱም አንድ ፖት (የማቅለጫው ገንዳ) ውስጥ ናቸው፦ ጨው ይቀልጣል፣ በቀለጠው ጨው ውስጥ ሌላው ይሟሟል። ውሃ ዝር አይልም።

አንዱ ፖት የሚፈልገው ከ4 ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በእጅ ብትነካው የማይነዝር ቮልቴጅ ነው። አምፔሩ ግን በመቶ ሺዎች ነው፤ ፖቶቹም በመቶዎች ሆነው በተከታታይ ተገናኝተዋል። የካርቦን አኖዶቹ (የፖዘቲቩ በኩል ጫፎች) ከላይ ተንጠልጥለው ይገባሉ፣ ኦክስጅኑ እየበላቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ በየወሩ ገደማ ይቀየራሉ። አልሙኒየሙ ከጨው ቀልጦው ጥቂት ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ በቫኩም ይመጠጣል። ያ ሁሉ አምፔር የሚፈጥረው ማግኔት ኪሳችን ያለውን ቁልፍ ይስበዋል፤ ልብ ላይ ማሽን የተገጠመለት ሰው በሩን አያልፍም።

ሊና ለጠየቀችው የሚሆነውን ግን ልንገራችሁ። እኛ ከምንም በላይ የምንፈራው መብራት መጥፋት ነው። አንድ ሰዓት ቢጠፋ ይቻላል። ጥቂት ሰዓታት ከቆየ ግን ፖቱ ውስጥ ያለው ጨው መርጋት ይጀምራል። አንዴ ከረጋ መብራት ቢመጣም ምንም ዋጋ የለውም፣ ኤሌክትሪኩ አያልፍበትም። አያልፍም፣ ስለዚህ አይሞቅም፤ አይሞቅም፣ ስለዚህ አይቀልጥም። ቆፍሮ ማውጣት ነው። የዚያን ቀን የፈረቃ አለቆችን ፊት ማየት ነው።

በጎን በኩል ግን ያው የረጋ ጨው ነው ፖቱን የሚያኖረው። ግድግዳው ዳር ሆን ተብሎ እንዲረጋ ይደረጋል፤ ያ ቅርፊት የሚበላውን ቀልጦ ከግድግዳው ያርቀዋል፣ ኤሌክትሪኩም በጎን እንዳያመልጥ ይከለክላል።

ጋሼ_ራዳር፦
ልጆች፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ የአየር ኃይል መሣሪያ ጥገና ላይ ነበርኩ። ገልፍ ያለው ልጅ የተናገረውን በተቃራኒው የሚጠቀሙበትም አሉ። ቴርማል ባትሪ ይባላል፣ ሚሳኤል ውስጥ የሚገባ። ውስጡ የሊቲየም ክሎራይድና የፖታሲየም ክሎራይድ ድብልቅ ጨው ነው፤ ድብልቁ 350 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት ቢቀመጥ አይደክምም፤ ጨዉ ደረቅ ስለሆነ በውስጡ ምንም የሚንቀሳቀስ የለም። ሲፈለግ ውስጡ ያለው ባሩድ መሰል ነገር ይለኮሳል፣ ጨዉ ይቀልጣል፣ ባትሪው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይነሳል። ሥራው ከደቂቃዎች አያልፍም። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ ነው።

ሊና_12ኛ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄንን ማንም አልነገረንም! @ፖት_ሩም_ገልፍ አልሙኒየሙን ለምን በውሃ አሟሙታችሁ አትሠሩትም? ያን ሁሉ ሙቀት ከምትከፍሉ?

ፖት_ሩም_ገልፍ፦
አልሙና መጀመሪያውኑ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። የሚሟሟ የአልሙኒየም ጨው ብትወስጂም የሚወጣልሽ ሃይድሮጅን ነው። መምህር ሁለተኛውን ጥያቄሽን ሲመልሱ እሱም አብሮ ይመለሳል። አንድ ኪሎ አልሙኒየም ለማውጣት በሒሳብ ብቻ ወደ 2980 አምፔር-ሰዓት ይሄዳል፤ በርካሽ ቢሆን ማን ይጠላል።

ጨው_በረንዳ፦
አሁን ገና አንድ ነገር በራልኝ። ኤሌክትሪሻኖች ግራውንድ ስታወጡ ጉድጓዱ ውስጥ ጨውና ከሰል የምትጨምሩት ለዚህ ነዋ! እኔ እስከዛሬ ምትሃት ነበር የሚመስለኝ። ግን ከሰሉ ምን ይሠራል?

ሶኬት_ሰባሪ፦
ከሰሉ ራሱ ጥቂት ያሳልፋል፣ ዋናው ጥቅሙ ግን እርጥበት መያዙ ነው። ጨዉ ደግሞ በዚያ እርጥበት ይሟሟና አፈሩ ውስጥ አዮን ይሆናል። አያችሁት? ጨዉ ብቻውን ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ቢቆለል እንደኔ አሞሌ ነው የሚሆነው።

ሰው የማያስበው ሁለት ነገር አለ። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ግራውንዱ ይደክማል፤ ስለዚህ ጉድጓዱ አናት ላይ ቱቦ ትተህ አልፎ አልፎ ውሃ ማፍሰስ አለብህ። ሁለተኛ፣ ዝናቡ ጨዉን ቀስ በቀስ አጥቦ ይወስደዋል፣ ያ ጨውም ሮዱን፣ መሬት ውስጥ የተቀበረውን የግራውንድ ዘንግ፣ ይበላዋል። በተለይ በመዳብ የተለበጠ ብረት ከሆነና ልባጩ የተጫረ ከሆነ ውስጡ ያለው ብረት ነው መጀመሪያ የሚሄደው። አንድ ደንበኛ ቤት የቀድሞው ሠራተኛ ኩንታል ሙሉ ጨው ነው መሰለኝ የጨመረበት፤ ሮዱን ስስበው አጥንቱ ብቻ ነበር የቀረው። እኔ አሁን ቦታው ከፈቀደ ሮዱን በጥልቀት መትቼ ሁለተኛ ሮድ እጨምራለሁ እንጂ ጨው ላይ አልተማመንም።

ዶርም_307፦
ግቢ እያለን ሁለት ምላጭ በክብሪት እንጨት አራርቀን፣ ከሽቦ አገናኝተን ውሃ እናፈላ ነበር። ሻይ ቶሎ እንዲደርስ አንዱ ጓደኛችን ቁንጢጥ ጨው ጣል አደረገበት። የሕንፃው መብራት ሁሉ ጠፋ 😂 አሁን ነው ለምን እንደሆነ የገባኝ።

ሶኬት_ሰባሪ፦
አትሳቅ ወንድሜ፣ እግዜር ነው ያተረፋችሁ። በ220 ቮልት ውሃው ራሱ እንደ ፌዝ ገመድ (ኤሌክትሪክ እንዳለበት ሽቦ) ነው። ይህን የሚያነብ ተማሪ ካለ እንዳትሞክሩት። መሞከር ካማራችሁ በ9 ቮልት ባትሪ ሞክሩ።

መምህር_በ፦
ሶኬት ሰባሪ ያለው ላይ አንድ ልጨምር፦ በባትሪ ስትሞክሩ የእርሳስ እምብርት ተጠቀሙ እንጂ የማይዝግ ብረት ማንኪያ በጨው ውሃ ውስጥ አኖድ አታድርጉ፤ ከብረቱ ክሮሚየም ይለቃል። መስኮትም ክፈቱ፣ የበረኪና ዓይነት ሽታ የምትሸቱት ክሎሪን ነው።

አሁን ወደ ሊና ሁለተኛ ጥያቄ። የቀለጠ ጨው ውስጥ ያሉት ሶዲየምና ክሎራይድ ብቻ ናቸው። ካቶዱ ኤሌክትሮን ይዞ "ማን ይቀበለኛል" ሲል ከሶዲየም በቀር ሌላ የለም። ስለዚህ ሶዲየም ይወጣል። ፋብሪካ ውስጥ በዳውንስ ሴል የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ካልሲየም ክሎራይድ ይደባለቅበትና የመቅለጫው ሙቀት ከ801 ወደ 600 ገደማ ይወርዳል፤ ሶዲየሙና ክሎሪኑ ተገናኝተው መልሰው ጨው እንዳይሆኑም በብረት ወንፊት ይለያያሉ።

የጨው ውሃ ውስጥ ግን ካቶዱ ጋ ውሃም ቆሟል። ሶዲየምን ለማውጣት 2.71 ቮልት ከዜሮ በታች መውረድ ያስፈልጋል፤ ውሃን ወደ ሃይድሮጅን ለመለወጥ 0.83 ይበቃል። ኤሌክትሮኑ የሚቀለውን ይመርጣል። ሃይድሮጅን ይወጣል፣ ሃይድሮክሳይድ ይቀራል፣ ሶዲየሙ እንደ አዮን እዚያው ይቆያል። ውሃው ሲተን የሚገኘው ኮስቲክ ሶዳ ነው፣ ሳሙና የሚሠራበት። አልሙኒየምም 1.66 ስለሆነ ያው ዕጣ ይደርሰዋል። መዳብ ግን ከዜሮ በላይ 0.34 ነው፣ ስለዚህ ከውሃ ቀድሞ ይወጣል።

አኖዱ በኩል ነገሩ ይጠመዘዛል፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ተማሪ የሚወድቀው። በቁጥር ብቻ ብትሄጂ ኦክስጅን በ1.23፣ ክሎሪን በ1.36 ስለሚወጣ ኦክስጅኑ መቅደም ነበረበት። ግን ኦክስጅን ከውሃ ለመውጣት አራት ኤሌክትሮን መልቀቅና ብዙ ደረጃ ማለፍ ስላለበት ኤሌክትሮዱ ላይ ዘገምተኛ ነው፤ በተግባር ከቁጥሩ በላይ ተጨማሪ ቮልት ይጠይቃል። ስለዚህ ጨዉ ጠንከር ካለ ክሎሪን ይቀድማል። እጅግ ከቀጠነ ደግሞ ክሎራይዱ ስለሚያንስ ኦክስጅኑ ያይላል። ፈተናው ላይ "ኮንሰንትሬትድ" ወይም "ዳይሉት" የምትለዋን ቃል ሳታዪ አትመልሺ።

ሲስተር_ሀ፦
እኔ የመጣሁት ሌላ ነገር ፈልጌ ነበር ግን ያዘኝ 😊 ሆስፒታል ውስጥ "ኤሌክትሮላይት ይታይለት" የምንለው እነዚሁን አዮኖች ነው። ሶዲየም ከ135 እስከ 145፣ ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል በሊትር። ፖታሲየሙ ትንሽ ከዘለለ የልብ ምት ይዛባል። ኦአርኤስ ከረጢት ውስጥም 2.6 ግራም ጨውና 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ አለ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ። እናቶች ውሃውን ቀንሰው "ጠንከር ይበልለት" ሲሉ የምንቆጣው ለዚህ ነው።

ሊና_12ኛ፦
እናመሰግናለን ሲስተር። መምህር፣ አሁን ሁለቱም ገብተውኛል። አንድ ብቻ የቀረኝ፦ አዮኖቹ በውሃ ውስጥ ምን ያህል ይፈጥናሉ? ማብሪያውን ስንጫን አምፖሉ ወዲያው ይበራል፣ ስለዚህ በጣም ፈጣን መሆን አለባቸው አይደል?

መምህር_በ፦
አይደሉም፣ እጅግ ዘገምተኞች ናቸው። በአንድ ሴንቲሜትር አንድ ቮልት ብታደርጊ ሶዲየም በሰዓት 2 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። አምፖሉ ወዲያው የሚበራው አንዱ አዮን ከዳር እስከ ዳር ስለሚሮጥ ሳይሆን ሁሉም ባሉበት በአንድ ጊዜ ስለሚገፉ ነው፤ ሞልቶ የቆመ ቧንቧ ሲከፈት ጫፉ ላይ የነበረው ውሃ ወዲያው እንደሚወጣው።

የሚገርምሽ ሊቲየም ከሁሉም ትንሽ ሆኖ ሳለ በውሃ ውስጥ ከፖታሲየም ይዘገያል። ትንሽነቱ ውሃውን አጥብቆ እንዲይዝ ስለሚያደርገው ብዙ ሞለኪውል ተሸክሞ ነው የሚጎተተው። ውሃ የሌለበት ቀልጦ ውስጥ ይህ ሸክም የለበትም። ሌላም አለ፦ ሽቦ ሲሞቅ ማሳለፉ ይቀንሳል፣ የጨው ውሃ ሲሞቅ ግን በየዲግሪው 2 በመቶ ያህል ይጨምራል። አንድ የማታውቂው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው በአዮን ነው በኤሌክትሮን ብትባዪ፣ አሙቀሽ ለኪው።

ጥርጣሬ፦
ይቅርታ መምህር፣ "ደረቅ አያሳልፍም" የሚለውን እንደ ሕግ እንዳይወስዱት። ሲልቨር አዮዳይድ ከ147 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ፣ ሳይቀልጥ፣ ጠጣር ሆኖ ሳለ በደንብ ያሳልፋል። አዮዳይዶቹ ቦታቸውን ይዘው ሲልቨሮቹ በመሃላቸው ይንሸራተታሉ። የሶዲየም-ሰልፈር ባትሪ ውስጥም ሶዲየም የሚያልፈው በጠጣር ሴራሚክ በኩል ነው።

መምህር_በ፦
ልክ ነው፤ ለዚህም ነው መንቀሳቀስ መቻሉ ላይ አጥብቄ የተናገርኩት። ጠጣር ሆኖ አዮኑ መንገድ ካገኘ ያልፋል። ለኢንትራንስ ግን ሊናን አታወዛግባት 😄

ሊና፣ እስኪ ልፈትንሽ። የተጠናከረ የፖታሲየም ብሮማይድ ሶሉሽን ላይ በግራፋይት ኤሌክትሮድ ኤሌክትሪክ ብንለቅ ካቶዱና አኖዱ ላይ ምን ይወጣል?

ሊና_12ኛ፦
ፖታሲየም ከሶዲየምም ስለሚብስ ካቶዱ ላይ ሃይድሮጅን ይወጣል። አኖዱ ላይ ብሮሚን። ብሮሚን ከክሎሪን ይልቅ ስለሚቀለው ኦክስጅኑ አይቀድመውም።

መምህር_በ፦
እሰይ! ብሮሚኑ ግን እንደ ክሎሪን አረፋ ሆኖ አይወጣም፤ አኖዱ ዙሪያ ውሃው ወደ ብርቱካናማ-ቡናማ ሲለወጥ ታዪዋለሽ። ካቶዱ በኩል ፌኖልፍታሊን (ቤዝ ሲያገኝ ቀለሙ የሚቀየር ጠቋሚ) ጠብ ብታደርጊበት ደግሞ ሮዝ ይሆናል። ከሃይድሮክሳይዱ የተነሳ ነው፤ ይህችን በተለይ መጠየቅ ይወዳሉ።